የአብደራፊ ጭስና የቅጠል በር

በአብደራፊና በመተማ ቆላ ሰሊጡና ማሽላው ከተነሣ በኋላ አገዳውና የደረቀው ሣር በእሳት ሲጸዳ፣ የምትጠልቀው ፀሐይ እንደ ፍም ቀልታ ትታያለች። ምክንያቱም ደቃቅ የጭስ ቅንጣቶች ሰማያዊውን ብርሃን ከቀዩ አብልጠው ስለሚበትኑ ነው። ለዕፅዋት ይበልጥ የሚያሰጋው ግን የማይታየው የጭሱ ክፍል ነው።

እሳቱ ናይትሮጅን ኦክሳይዶችንና ተናኝ የካርቦን ውሁዶችን ይለቃል። ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ የሞገድ ርዝመቱ ከ420 ናኖሜትር ገደማ ያነሰ ብርሃን ሲያርፍበት ይፈርስና አንድ የኦክስጅን አቶም ይለቃል፤ ያም ከኦክስጅን ሞለኪውል ጋር ተጣምሮ ኦዞን ይሆናል። ለወትሮው ናይትሪክ ኦክሳይድ ኦዞኑን መልሶ ያጠፋዋል፤ የካርቦን ውሁዶቹ ሲጨመሩ ግን ሚዛኑ ይዛባና ኦዞን ይከማቻል። በላይኛው ከባቢ አየር ጋሻችን የሆነው ጋዝ፣ እታች መርዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በሎስ አንጀለስ አካባቢ የአትክልት ቅጠል ያለ በሽታ ሲጎዳ፣ ምንጩ ፀሐይ ከመኪናና ከነዳጅ ማጣሪያ ጭስ የምትሠራው ኦዞን መሆኑን በ1950ዎቹ መጀመሪያ ያሳየው ባዮኬሚስቱ አሪ ሃገን-ስሚት ነበር።

ኦዞን ተክልን በዋናነት የሚጎዳው ቅጠሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለመውሰድ በሚከፍታቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች፣ ማለትም በስቶማታ፣ ሲገባ ነው። ከገባ በኋላ የሕዋሳትን ሽፋን ያበላሻል፤ ተክሉም ፍሬ ሊሞላበት የሚገባውን ስኳር ለጥገና ያውላል። ስንዴ፣ ባቄላና ጥጥ በቀላሉ ከሚጎዱት ሰብሎች መካከል ናቸው። በአውሮፓ የሰብል ጉዳት ሲገመት ከቢሊዮን የአየር ሞለኪውሎች ከ40 በላይ የሆነው ኦዞን በየሰዓቱ ይደመራል።

ታዲያ ጭሱ የአብደራፊን ሰሊጥ ይመርዛልን? እኛ እንደምናስበው ብዙም አይደለም። እሳቱ በሚበረታበት ወቅት ሰሊጡ ታጭዷል፤ የዕጣን ዛፉም ቅጠሉን አራግፎ ቆሟል። መርዙ በአየር ውስጥ ቢኖርም የሚገባበት በር የለም። ተጎጂ የሚሆነው በዚያው ወቅት ቅጠሉ ለምለም የሆነ ነው፦ በመስኖ የሚለማ አትክልት፣ በወንዝ ዳር የሚገኝ የማይረግፍ ዛፍ። ኦዞን በነፋስ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ስለሚጓዝም፣ ጉዳቱ ጭሱን አይቶት በማያውቅ ገበሬ ማሳ ላይ ሊደርስ ይችላል።

የዕጣን ዛፉ መከራ ሌላ ነው። በመተማ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ጥናት፣ ሁኔታው ካልተለወጠ የዛፉ ቁጥር በ50 ዓመት ውስጥ በ90 በመቶ እንደሚቀንስ ተገምቷል፤ ችግኞቹ አድገው ዛፍ አይሆኑምና። ከተጠረጠሩት ምክንያቶች መካከል ግጦሽና እሳት ይገኛሉ። እዚህ ላይ የሚጎዳው ነበልባሉ እንጂ ጭሱ አይደለም፤ ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል።

ኦዞንን በትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ መፈተሽ ይቻላል። የስታርች ሙጫ ከጥቂት ፖታሲየም አዮዳይድ ጋር ቀላቅላችሁ በማጣሪያ ወረቀት ላይ ቀቡ፤ በጨለማ አድርቁት። ከዚያ አርጥባችሁ በጥላ ሥር ለስምንት ሰዓት ስቀሉት። ኦዞን ካለ አዮዲን ይለቀቅና ወረቀቱ ወደ ሐምራዊ ወይም ሰማያዊ ይለወጣል። እርጥበት ቀለሙን ስለሚያዛባ፣ እሳት ባለበትና በሌለበት ቀን የተሰቀሉትን ጎን ለጎን አወዳድሩ።