ሁለት ፕሮግራሞች «አንድ ናቸው» የምንለው መቼ ነው?



ኮድ አሳጥረን ስንጽፍ አዲሱ የድሮውን ሥራ በትክክል እንደሚሠራ በምን እናውቃለን? አብዛኞቻችን በጥቂት ግብዓቶች ሞክረን ውጤቱ ከተመሳሰለ እናልፈዋለን። ሙከራ ግን ልዩነትን ያሳያል እንጂ አቻነትን አያረጋግጥም። በተለይ ግብዓቱ ራሱ ፈንክሽን ሲሆን ሞክረን አንጨርሰውም።

ምሳሌ እንውሰድ። የቁጥሮች ሊስት አለን። ፕሮግራም 1 መጀመሪያ ፈንክሽን «ሀ»ን በሁሉም ቁጥሮች ላይ ያስኬዳል፤ ከዚያም በተገኘው ሊስት ላይ ፈንክሽን «ለ»ን ያስኬዳል። ፕሮግራም 2 ሊስቱን አንድ ጊዜ ብቻ እየዞረ በእያንዳንዱ ቁጥር ላይ «ሀ»ን፣ ወዲያው «ለ»ን ያስከትላል። ሁለተኛው መሐል ላይ ሌላ ሊስት ስለማይሠራ ሜሞሪ ይቆጥባል። አቻ ናቸው?

«ሀ» እና «ለ» አስልተው ከመመለስ በቀር ሌላ ነገር የማያደርጉ ከሆነ፣ አዎ። ማረጋገጫው በኢንዳክሽን ነው።

ሀ/ ሊስቱ ባዶ ከሆነ ሁለቱም ባዶ ይመልሳሉ።
ለ/ ባዶ ካልሆነ፣ ለመጀመሪያው ቁጥር ሁለቱም «ሀ» ከዚያ «ለ» የሠሩበትን ውጤት ይሰጣሉ፤ ለቀሪው አጭር ሊስት እኩል መሆናቸውን ደግሞ በኢንዳክሽኑ ግምት ይዘናል።

ስለዚህ ለማንኛውም ርዝመት እኩል ናቸው።

አሁን ሁለቱ ፈንክሽኖች በተጠሩ ቁጥር ስማቸውን ስክሪን ላይ ያትሙ እንበል። ሊስቱ 2 ቁጥሮች ካሉት ፕሮግራም 1 «ሀሀለለ»፣ ፕሮግራም 2 «ሀለሀለ» ያትማል። የተመለሰው ሊስት አንድ ነው፤ ፕሮግራሞቹ ግን አንድ አይደሉም። ልብ እንበል፦ አቻነት በሁለቱ ኮዶች ብቻ ሳይሆን ቋንቋው በሚፈቅደው ነገርም ይወሰናል።

ጄምስ ሞሪስ በ1968 እ.ኤ.አ. በኤም.አይ.ቲ. ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ የዚህን ሐሳብ መሠረት ጥሏል። ሁለት ኮዶች አቻ የሚባሉት በየትኛውም ትልቅ ፕሮግራም ውስጥ አንዱን በሌላው ብንተካ የሚታይ ልዩነት ካልመጣ ነው። አቻ አለመሆንን ለማሳየት አንድ ዐውድ ይበቃል፤ አቻነትን ለማረጋገጥ ግን ሁሉም ዐውዶች ይቆጠራሉ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው።

ሳምሶን አብራምስኪ ለላምዳ ካልኩለስ ያቀረበው መንገድ ሸክሙን ያቀላል። ለሁለቱ ፈንክሽኖች ማንኛውንም አንድ ዓይነት ግብዓት እንስጥ፤ አንዱ ሥራውን ከጨረሰ ሌላውም መጨረስ አለበት፤ የመለሱት ሌላ ፈንክሽን ከሆነ ፈተናው በእርሱም ላይ ይደገማል። ይህ ለሁሉም ዐውድ እንደሚበቃ የሚያሳየው ብልሃት በዳግላስ ሀው ስም ይጠራል።

እንግዲህ ኮድ ከመተካታችን በፊት እንጠይቅ፦ ፈንክሽኑ ያትማል? የውጭ ተለዋዋጭ ይቀይራል? ኤረር ያስነሳል? መልሱ «አዎ» ከሆነ ማረጋገጫችንን እንደገና እንፈትሽ።

መልመጃ፦ «ሀ(3)+ሀ(3)» እና «2×ሀ(3)» አቻ የማይሆኑበትን አንድ ፈንክሽን ጻፉ። መልሱን ኢንሻአላህ በሚቀጥለው እትም እንመለከታለን።