አቧራ የለበሰ ቅጠል፦ በቤት ውስጥ ያለ ዛፍ ለምን ይታጠባል?

ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት ወራት በጅማ መንገድ ወደ ሰበታ፣ በአምቦ መንገድ ወደ ቡራዩ፣ ወይም እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም መንገድ ወደ ሱሉልታ የተጓዘ ሰው በመንገድ ዳር ያሉት ባሕር ዛፎች አረንጓዴ ቀለማቸው በአቧራ መሸፈኑን ሳያስተውል አይቀርም። በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር በተጠቃለሉት በእነዚህ ከተሞች ዝናብ ሲጠፋ ያልተነጠፈው መንገድ፣ የግንባታው ቁፋሮ፣ የድንጋይ ካባውና የከባድ መኪናው ጎማ አፈሩን እንደ ዱቄት አልመው ወደ አየር ያነሡታል። ሰኔ ገብቶ ጠንካራ ዝናብ ሲጥል ግን ዛፎቹ ታጥበው እንደገና አረንጓዴ ይሆናሉ።

ዝናብ የማይደርስባቸው ዛፎችም አሉ። በየቢሮው፣ በየሆቴሉ መግቢያ፣ በየቤተ መጻሕፍቱና በየሳሎኑ በትልቅ ገንቦ ወይም በበርሜል ተተክለው ጣሪያ ሊነኩ የደረሱትን ማለታችን ነው። ከእነዚህ መካከል በብዛት የሚታየው የጎማ ዛፍ (ፊከስ ኢላስቲካ) ሲሆን፣ የትውልድ አገሩ እስያ ቢሆንም የእኛዎቹ የዋርካና የሾላ የቅርብ ዘመድ ነው። የዛፉ የታች ቅጠሎች እየቢጫዩ ሲረግፉ ብዙ ሰው «ውኃ ጠምቶት ነው» ብሎ ውኃ ይጨምርለታል። በውኃ የተጥለቀለቀ አፈር ግን አየር ስለሚያጣ ሥሩ ይበሰብሳል፤ ዛፉም ለማዳን በታሰበው እጅ ይሞታል። የቅጠል መርገፍ ብዙ ምክንያት ሊኖረው ቢችልም፣ ውኃ ከመጨመር በፊት ቅጠሉን በጣት ነክቶ ማየት ተገቢ ነው።

አቧራው ምን ያደርጋል?

ደቹ ተመራማሪ ያን ኢንገንሁዝ እ.ኤ.አ. በ1779 ባሳተመው ሥራው አረንጓዴ የዕፅዋት ክፍሎች ኦክስጅን የሚሰጡት ብርሃን ሲያገኙ ብቻ መሆኑን አሳይቷል። ዛሬ ብርሃን አስተፃምሮ ብለን በምንጠራው በዚህ ሂደት ቅጠሉ ከብርሃን ኃይል፣ ከውኃና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ምግቡን ይሠራል። አቧራ ይህን ሥራ በሁለት በኩል ይነካል።

አንደኛው በቅጠሉ የላይ ገጽ ነው። በዚያ የተነጠፈው አቧራ ወደ ክሎሮፊል መድረስ የሚገባውን ብርሃን ከፊሉን ይመልሳል፣ ከፊሉንም ራሱ ይውጣል። ሁለተኛው በቅጠሉ የታች ገጽ ነው። የጎማ ዛፍ አየር የሚያስገባባቸው ስቶማታ የሚባሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች የሚገኙት በዚህ በኩል ነው። አቧራ ወደ ታች ገጽ የሚደርሰው በጥቂቱ ቢሆንም፣ ደረቅና አቧራማ አየር የሚስማማቸው ሸረሪት መሰል ጥቃቅን ተባዮች መደበቂያቸው እዚያው ነው።

በቤት ውስጥ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። ከወጥ ቤት የሚነሣው ቅባት ያለበት እንፋሎት፣ እንዲሁም የዕጣንና የከሰል ጢስ በቅጠሉ ላይ ስስ ልባስ ስለሚፈጥሩ አቧራው በቀላሉ አይራገፍም።

የሒሳቡ ቁም ነገር

ውድ አንባብያን፣ «የመንገድ ዳር ባሕር ዛፍ ከዚህ የባሰ አቧራ ተሸክሞ እየኖረ፣ የቤቱ ዛፍ ለምን ይጎዳል?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም በብርሃኑ መጠን ውስጥ ይገኛል።

በጠራ ቀን እኩለ ቀን ላይ የፀሐይ ብርሃን 100,000 ሉክስ ያህል ይደርሳል። በአንድ ክፍል ውስጥ ከመስኮት ጥቂት ሜትሮች ራቅ ብለን ብንለካ ግን የምናገኘው ብዙውን ጊዜ ጥቂት መቶ ሉክስ ብቻ ነው። ዓይናችን ራሱን ከብርሃኑ ጋር ስለሚያስማማ ልዩነቱን አናስተውለውም፤ ቅጠሉ ግን ያውቀዋል።

ማንኛውም ተክል ምግብ እንደሚሠራ ሁሉ በትንፈሳ ምግብ ያቃጥላል። የሚሠራው ከሚያቃጥለው ጋር እኩል የሚሆንበት የብርሃን መጠን የማካካሻ ነጥብ ይባላል። ከዚህ በላይ ተክሉ ያተርፋል፤ ከዚህ በታች ካጠራቀመው ላይ እየበላ ይከስራል። ለማስረዳት ያህል የአንድ ዛፍ የማካካሻ ነጥብ 500 ሉክስ፣ አቧራው የሚያስቀረው ብርሃን ደግሞ 20 በመቶ ነው ብለን እናስብ።

በደጅ፦ 100,000 × 0.8 = 80,000 ሉክስ
በቤት ውስጥ፦ 600 × 0.8 = 480 ሉክስ

ቅጠል ሊጠቀምበት የሚችለው ብርሃን ወሰን ስላለው፣ በሙሉ ፀሐይ ላይ ያለው ዛፍ ከ100,000 ወደ 80,000 ሲወርድ ጉዳቱ ብዙም አይሰማውም። የቤቱ ዛፍ ግን ከአትራፊነት ወደ ከሳሪነት ተሻገረ። አቧራው በመጠን እኩል ሆኖ ሳለ ውጤቱ የተለያየው፣ ባለጠጋና ድኻ እኩል ግብር ሲከፍሉ የሚሰማቸው እንደሚለያይ ነው።

ክረምት ሲገባም ልዩነቱ ይሰፋል። ሐምሌና ነሐሴ ሰማዩ በደመና የሚሸፈንባቸው፣ የክፍል ውስጥ ብርሃንም የሚቀንስባቸው ወራት ናቸው። የደጁ ዛፍ ብርሃን በሚያንስበት በዚህ ወቅት ንጹሕ ቅጠል ይዞ ይጠብቃል። የቤቱ ዛፍ ግን የበጋውን አቧራ እንደ ተሸከመ ወደ ጨለማው ወቅት ይገባል። ስለዚህ ቅጠሉን በበጋ በየወሩ ማጠብ መልካም ሲሆን፣ ይህ ባይቻል እንኳ ሰኔ ከመግባቱ በፊት አንድ ጊዜ በደንብ ማጠብ ያስፈልጋል።

ራሱን የሚያጠብ ቅጠል

በጎደሬ ወይም በጥቅል ጎመን ቅጠል ላይ ውኃ ብናፈስ ጠብታው ክብ ሆኖ ይንከባለላል፤ ሲንከባለልም አቧራውን ይዞ ይወርዳል። ምክንያቱ በገጻቸው ላይ ያለው በዓይን የማይታይ ወጣ ገባነትና የሰም ሽፋን ነው። ጀርመናውያኑ ባርትሎትና ናይንሁይስ እ.ኤ.አ. በ1997 ይህን ባሕርይ በሎተስ አበባ ቅጠል ላይ አብራርተው በማሳተማቸው «የሎተስ ውጤት» በሚል ስም ይታወቃል። የጎማ ዛፍ ቅጠል ቢያብረቀርቅም እንዲህ ያለ ባሕርይ ስለሌለው የሰው እጅ ይሻል። በአንጻሩ ዱቄት የመሰለ ሰም ያለበትን ቅጠል ማሸት ሰሙን ስለሚያስለቅቅ፣ እንዲህ ያለውን ተክል ውኃ ብቻ ማርከፍከፍ ይበቃዋል።

አጠባጠቡ

1. ሥራው ከላይ ወደ ታች ይሁን፤ ከላይ የሚራገፈው አቧራ በታጠበው ቅጠል ላይ እንዳያርፍ።
2. ቅጠሉን ከሥር በመዳፍ ደግፎ፣ በለብታ ውኃ ረጥቦ በተጨመቀ ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ከአገዳው ወደ ጫፉ መጥረግ። ከዚያም የታች ገጹን በተመሳሳይ መንገድ ማጽዳት።
3. ጨርቁን ቶሎ ቶሎ ማለቅለቅ፤ አሸዋማ አቧራ የቅጠሉን ገጽ ይጭረዋልና። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ቤትም ለአንድ ትልቅ ዛፍ አንድ ባልዲ ይበቃል።
4. ቅባት የያዘ ቅጠል ከሆነ በአንድ ሊትር ውኃ ሁለት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሮ መጥረግ፣ ኋላም በንጹሕ ውኃ ማጥራት።
5. በቀይ ሽፋን ተጠቅልሎ ያለውን ለጋ ቅጠል አለመንካት።
6. እንደ ፊከስ ቤንጃሚና ያለ ቅጠሉ ትንንሽ የሆነ ዛፍ ከሆነ ወደ ጥላ አውጥቶ፣ የገንቦውን አፈር በፕላስቲክ ሸፍኖ ውኃ ማርከፍከፍ። በጥላ ያደገ ቅጠል ድንገት ፀሐይ ሲያገኘው ይቃጠላልና ፀሐይ ላይ አይቀመጥ።

ቅጠሉ እንዲያብረቀርቅ ወተት፣ ዘይት ወይም ቅቤ መቀባት ስሕተት ነው። ቅባት ስቶማታን ይደፍናል፤ አዲስ አቧራንም ይስባል። ቅጠል ቢቀነጠስ የሚወጣው ነጭ ፈሳሽም ቆዳንና ዓይንን ስለሚቆጠቁጥ ከሥራው በኋላ እጅን መታጠብ ይገባል።

ለተማሪዎች የቀረበ ሙከራ

ከላይ 20 በመቶ ያልነው ለምሳሌ ብቻ ነው። የራሳችሁን ቁጥር ለማግኘት እኩል መጠን ያላቸው ሁለት ንጹሕ የመስታወት ቁራጮች ውሰዱ። አንዱን በዛፉ አጠገብ አጋድማችሁ ለአራት ሳምንት አቆዩት፤ ሁለተኛውን በወረቀት ጠቅልላችሁ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጡት። በመጨረሻ ብርሃኑ በማይለዋወጥበት ቦታ በብርሃን መለኪያ፣ ወይም ሉክስ በሚለካ የስልክ መተግበሪያ፣ በንጹሑ መስታወት በኩል (ሀ) እና አቧራ በያዘው በኩል (ለ) ያለፈውን ብርሃን ሦስት ሦስት ጊዜ ለክታችሁ አማካዩን ያዙ።

የቀረው ብርሃን በመቶኛ = (ሀ − ለ) ÷ ሀ × 100

በሰበታ በዋናው መንገድ ዳር ያለ ቤትና ከመንገድ የራቀ ቤት፣ ወይም የሱሉልታ ኅዳርና የሱሉልታ ነሐሴ ምን ያህል እንደሚለያዩ አነጻጽሩ። ተጋድሞ የተቀመጠ መስታወት ከዘመመ ቅጠል የበለጠ አቧራ እንደሚይዝ በመደምደሚያችሁ ላይ መጥቀስ አትርሱ።

በመጨረሻም የመኖሪያ ቤታችሁን ወይም የትምህርት ቤታችሁን ዛፍ ቅጠል በጣታችሁ ነክታችሁ ተመልከቱ። ጣታችሁ ቡናማ ሆኖ ከተመለሰ ዛፉ የሚሻው ሌላ ጣሳ ውኃ ሳይሆን አንድ እርጥብ ጨርቅ ሊሆን ይችላል።