ከጌጫ ሆኖ የሥሪት ቁጥጥር ሰርቨርን ማግኘት፦ የአድራሻ ችግርና የተሞከረ መፍትሔ

በማሻና በቴፒ መካከል በምትገኘው የአንድራቻ ወረዳ መቀመጫ ጌጫ ሆኖ፣ በሌላ ከተማ ቤተ ሙከራ ውስጥ ወደተቀመጠ ሰርቨር በኢንተርኔት መግባት ይቻላልን? ይህ አጭር ጽሑፍ ጥያቄውን የሚያነሣው ከአንድ የመስክ ጥናት አጋጣሚ ተነሥቶ ነው። ስለ ቡና ጥላ ዛፎችና ስለ ዝናብ የተሰበሰበውን መረጃ የሚተነትኑ ፕሮግራሞችን ሦስት ሆነን እንጽፍ ነበር። ሁለቱ ባልደረቦቼ ከቤተ ሙከራ ሲሠሩ፣ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አብዛኛውን ጊዜ በጌጫ ዙሪያ ነበር። ፋይሎቹን በኢሜይል በምንላላክበት ወቅት «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2»፣ «እውነተኛው የመጨረሻ» የሚሉ ስሞች ተበራከቱ። በመጨረሻም አንድ ሙሉ ምዕራፍ ስሕተቱ ባልታረመ ቅጂ ተሰልቶ ተገኘ፤ ጉድለቱን ያዩት አማካሪያችን ናቸው፤ ያዩትም ጽሑፉ ለፈታኞች ሊቀርብ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነበር።

ማን፣ መቼ፣ የትኛውን መስመር እንደለወጠ የሚመዘግበው የሥሪት ቁጥጥር ሶፍትዌር አስፈላጊነት ከዚያ በኋላ አላከራከረንም። ሰብቨርዥን የተባለውን፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የተጀመረውን ሶፍትዌር በቤተ ሙከራው ኮምፒውተር ላይ ጫንን። በክፍሉ ውስጥ ያለ እንከን ሠራ፤ ከጌጫ ሲሞከር ግን ምንም መልስ አልነበረም። ከራውተሩ ላይ ፖርት 3690ን መክፈት፣ ፋየርዎሉን ማጥፋት፣ ሶፍትዌሩን ነቅሎ እንደገና መጫን፣ እነዚህን ሁሉ እየደጋገምን ሁለት ሳምንት አሳለፍን። ጥረቱ ከመነሻው የማይሳካ እንደነበር የተረዳነው ዘግይተን ነው።

የቤተ ሙከራው ኢንተርኔት የሚመጣው ሲም ካርድ በሚቀበል ራውተር በኩል ነበር። የቀድሞው የአይፒ አድራሻ ሥርዓት ሊሰጥ የሚችለው ወደ 4.3 ቢሊዮን የሚጠጋ አድራሻ ብቻ በመሆኑ፣ በዓለም ዙሪያ ያሉ የቴሌኮም አቅራቢዎች ብዙ ደንበኞችን ከአንድ የሕዝብ አድራሻ ጀርባ ያስቀምጣሉ። ለዚሁ ተግባር እ.ኤ.አ. በ2012 ከ100.64.0.0 እስከ 100.127.255.255 ያሉት አድራሻዎች ተለይተው ተመድበዋል። ነገሩ በአንድ የፖስታ ሣጥን ቁጥር እንደሚገለገል ትልቅ መሥሪያ ቤት ነው። ሠራተኛው ደብዳቤ ጽፎ መልሱን ማግኘት አያስቸግረውም፤ ከውጭ የሣጥኑን ቁጥር ብቻ ጽፎ የሚልክ ሰው ግን ደብዳቤው ለማን እንደሚሰጥ አላመለከተም። ስለዚህ የእኛ ራውተር በሩን ቢከፍትም፣ ከእርሱ በላይ ያለው የአቅራቢው በር ዝግ ነበር።

ይህን ለማጣራት ሁለት ደቂቃ ይበቃል። በራውተሩ ገጽ ላይ የሚታየውን አድራሻ፣ አንድ የውጭ ድረ ገጽ ስለ እኛ ከሚያሳየው አድራሻ ጋር ማስተያየት ነው። ሁለቱ ከተለያዩ፣ ራውተሩ ላይ ፖርት በመክፈት ብቻ ከውጭ መግባት አይቻልም። ይህን ፍተሻ ከሁሉ አስቀድመን ባለማድረጋችን የባከነውን ጊዜ የምጠቅሰው ሌላው ተመራማሪ እንዲድን ነው።

የታወቀው መውጫ ግንኙነቱን መገልበጥ ነው፤ ሰርቨሩ ራሱ የሕዝብ አድራሻ ወዳለው መካከለኛ ኮምፒውተር በኤስኤስኤች ይደውላል፤ በመስክ ያለው ሰውም በተከፈተው መስመር ይመለሳል። ሞክረነዋል፤ ይሠራል። ነገር ግን መካከለኛውን ኮምፒውተር ለመከራየት በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ያስፈልጋል፤ ይህም ለተማሪ ቀላል አይደለም። በቤተ ሙከራው መብራት ሲጠፋም መስመሩ አብሮ ይጠፋል። ሰብቨርዥን ደግሞ እያንዳንዱን ምዝገባ በማዕከላዊው ሰርቨር ላይ ስለሚያካሂድ፣ መስመር በሌለበት ቀን ምዝገባ የለም ማለት ነው።

ወደ ጊት ያዞረን ይኸው ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2005 ለሊኑክስ ልማት የጀመረው ይህ መሣሪያ ሙሉውን የለውጥ ታሪክ በየአንዳንዱ ተጠቃሚ ኮምፒውተር ላይ ያኖራል፤ ምዝገባውም ያለ ኢንተርኔት ይፈጸማል። ሆኖም ጊት ለደካማ መስመር በሁሉ ረገድ ይሻላል የሚለው የተለመደ አባባል መታረም አለበት። በሰብቨርዥን የመጀመሪያው ቅጂ በመሃል ቢቋረጥ ከቆመበት ሊቀጥል ይችላል፤ በጊት ግን የተቋረጠ ቅጂ ከዜሮ ይጀምራል። ዝናብ በበረታበት ከሰዓት በኋላ ከጌጫ ሙሉ ማኅደር ለመውሰድ የሞከረ ሰው ልዩነቱን ይረዳዋል። በመሆኑም የመጀመሪያውን ቅጂ በቤተ ሙከራው ኬብል ወስደን በላፕቶፕ ይዘን ወጣን።

ከዚያ በኋላ ያለውን ልውውጥ ያቃለለልን፣ ብዙም የማይነገርለት ባንድል የተባለው የጊት ትእዛዝ ነው። ትእዛዙ ከተወሰነ ምዝገባ ወዲህ ያሉትን ለውጦች ብቻ በአንድ ፋይል ይጠቀልላል። የፕሮግራም ጽሑፍ ብቻ ሲሆን ፋይሉ በኪሎባይት የሚቆጠር ነው፤ በቴሌግራም ይላካል፤ ኔትወርክ ሲጠፋም በፍላሽ ወደ ቴፒ በሚሄድ መኪና ይደርሳል። ተቀባዩ ፋይሉ የሚመሠረትባቸው ቀዳሚ ምዝገባዎች በእጁ መኖራቸውን በማረጋገጫ ትእዛዝ ያጣራል። የተደጋገመ ምዝገባ ጉዳት ስለሌለው፣ ከመጨረሻው ልውውጥ ሁለት ቀን ወደ ኋላ ተመልሶ መጠቅለል ይመረጣል።

እያንዳንዱ ምዝገባ 40 ፊደልና አኃዝ ያለው መለያ አለው፤ መለያው የሚሰላው የቀዳሚውን ምዝገባ መለያ ጨምሮ ነው። የመጨረሻው መለያ ከተመሳሰለ ከሥሩ ያለው ታሪክ በሙሉ ተመሳስሏል። እኛም ማታ ማታ በስልክ የመጀመሪያዎቹን 7 ምልክቶች እንነባበብ ነበር፤ ለዚህ የድምፅ ጥሪ ብቻ በቂ ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ማብቂያ በመላ አገሪቱ እንደሆነው ኢንተርኔት ከሁለት ሳምንት በላይ ቢቋረጥ እንኳ፣ በዚህ አሠራር የሚዘገየው መገናኘቱ እንጂ ሥራው አይደለም።

ያልተፈቱ ጉዳዮች አሉ። ባንድል ፋይል አልተመሰጠረም፤ ስለዚህ የቡና ገበሬዎች ስምና የማሳቸው መገኛ በማኅደሩ ውስጥ መግባት የለበትም። የሳተላይት ምስሎችም ከማኅደሩ ውጭ መቀመጥ ይኖርባቸዋል፤ ጊትሃብ ከ100 ሜጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፤ አንድ ጊዜ የተመዘገበ ትልቅ ፋይልም በኋላ ቢሰረዝ ከታሪኩ አይወጣም። ሁለት ሰዎች አንድን የኤክሴል ሠንጠረዥ በየፊናቸው ቢለውጡ ጊት ሊያዋህደው አይችልም፤ ሠንጠረዦቹን በነጠላ ሰረዝ ወደተለያየ ተራ ጽሑፍ መቀየር ረድቶናል፤ በአማርኛ የተጻፉት የቀበሌ ስሞች ግን ኤክሴል ፋይሉን መልሶ ሲከፍተው ስለሚበላሹበት፣ ያንን ክፍል እስካሁን አንድ ሰው ብቻ እንዲነካው አድርገናል።