መንገዱ ሊዘጋ ነው፦ የወደፊቱን በእንግሊዝኛ ለሚጽፉ

ማስታወቂያ፣ ቃለ ጉባኤ ወይም ውል በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ሠራተኛ አድራጊውን ሳይጠራ ስለ ወደፊቱ መጻፉ አይቀርም፤ መንገዱ ይዘጋል፣ ክፍያው ይፈጸማል። ሰዋስው ይህን ተገብሮ ይለዋል። አማርኛው «ይዘጋል» ብሎ የሚያልፈውን እንግሊዝኛው በበርካታ ቅርጽ ይለያል።

1. ሲያመነቱ «ዊል ቢ ክሎዝድ» ይበሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ያስኬዳል። «ቢ»ን አይዝለሉ፤ ተከታዩም ግስ በትምህርት ቤት «ቪ ስሪ» የምንለው ሦስተኛው ቅርጽ ይሁን፤ «ሄልድ» እንጂ «ሆልድ» አይደለም።

2. «ኢዝ ቢዪንግ ክሎዝድ» ዝግጅቱ ላለቀ ጉዳይ ነው። ቀኑን አብረው ይጻፉ፤ «ቱሞሮው» ከሌለ አንባቢው መንገዱ አሁን እየተዘጋ ነው ብሎ ይረዳል።

3. «ኢዝ ቱ ቢ ክሎዝድ» ከበላይ የተወሰነ ነገር ማሳወቂያ ነው። በጋዜጣ ርዕስ ላይ «ኢዝ» ስለሚወድቅ «ሮድ ቱ ቢ ክሎዝድ» ብቻ ይቀራል።

ጣጣው ይኸው ቅርጽ ትእዛዝም መሆኑ ነው። «ዘ ስቶር ኢዝ ቱ ቢ ክሊንድ» ተብሎ ቢለጠፍ መጋዘኑ ሊጸዳ ታቅዷል ወይስ «አጽዱ» ተባልን? ሁለቱንም ያስነብባል። እቅድ ከሆነ «ዊል ቢ»፣ ግዴታ ከሆነ «መስት ቢ» ብለው ይለዩት።

ሲያነቡም ይጠንቀቁ። «ዋዝ ቱ ሃቭ ቢን ሄልድ» የተባለ ስብሰባ ታቅዶ የቀረ ነው። ተካሄደ ብሎ ሪፖርት ውስጥ ያስገባ ሰው ነገሩን ገለበጠው።

4. «ኢዝ አባውት ቱ ቢ ክሎዝድ» አፍታ ብቻ ለቀረው ነገር ስለሆነ «ኔክስት ዊክ» አይከተለውም። ቀን ከተቆረጠ «ኢዝ ስኬጁልድ ቱ ቢ» ወይም «ኢዝ ዱ ቱ ቢ» ይሻላል።

5. ውል ላይ «ሻል ቢ ፔይድ» ግዴታ ነው። «ሊከፈል ታስቧል» ብሎ መተርጎም ተዋዋዩን በገንዘቡ ላይ ሊያከራክረው ይችላል።

6. ከሁሉ ይልቅ የሚያሰናክለን በኃላፊ ጊዜው «ተ» ያለበትን (ተካሄደ፣ ተከሰተ) የአማርኛ ግስ ሁሉ ወደ ተገብሮ መመለስ ነው። «ይካሄዳል»ን ይዘን «ዊል ቢ ቴክን ፕሌስ»፣ «ይከሰታል»ን ይዘን «ዊል ቢ ሃፕንድ» እንጽፋለን። ሁለቱም ስሕተት ናቸው፤ በዚህ ትርጉማቸው «ቴክ ፕሌስ»ም «ሃፕን»ም ተገብሮ የላቸውም። «ዊል ቴክ ፕሌስ»፣ «ዊል ሃፕን» ይባላል። «ስብሰባው ይጀመራል» ለማለትም «ዊል ስታርት» ይበቃል፤ «ቢ» አያሻውም።