ዓሣው በምን ሞተ? ስለ አንቲቦዲ ምርመራ አጭር ትምህርት



በጫሞ ሐይቅ የሚሰገረው ዓሣ እያነሰ መሄዱ ለብዙ ጊዜ ሲነገር ቆይቷል፤ ለዚህም ከልክ ያለፈ ማስገርና ዐይነ ጠባብ መረብ ይወቀሳሉ። ወቀሳው እውነት አለው። ነገር ግን አንድ ቀን ቆሮሶ በብዛት ሞቶ ከዳር ቢገኝ ጥፋቱ የአስጋሪው ነው፣ የውኃው ነው ወይስ የበሽታ? ያለ ምስክር ፍርድ የለምና ምስክር ያስፈልገናል።

ሥጋቱ ከንቱ አይደለም። የቲላፒያ ሐይቅ ቫይረስ የተባለው ጀርም በ2014 እ.ኤ.አ. በእስራኤል ተለይቶ ታወቀ፤ ቆሮሶም የቲላፒያ ወገን ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ በቪክቶሪያ ሐይቅ፣ በታንዛኒያና በኡጋንዳ በኩል፣ የቫይረሱ ምልክት መገኘቱ ተጻፈ። ሰውን ሲያሳምም አልታየም፤ ለዓሣው ግን መድኃኒት የለውም።

አንቲቦዲ ማለት ሰውነት ባዕድ ነገር ሲገባበት የሚሠራው ፕሮቲን ነው፤ ቁልፍ ከራሱ ቁልፍ ቤት ጋር እንደሚገጥም ሁሉ እርሱም ከተሠራለት ጠላት ጋር ይገጥማል። ለምርመራ የሚሆነው እንዲህ ይዘጋጃል፤ አይጥ በቫይረሱ ፕሮቲን ትወጋለች፤ አንቲቦዲ ማበጀት ስትጀምር ከጣፊያዋ ሕዋስ ተወስዶ ያለማቋረጥ ከሚራባ የነቀርሳ ሕዋስ ጋር ይዋሐዳል። የተዋሐደውም ሕዋስ አንድ ዐይነት አንቲቦዲ ብቻ ሲያመነጭ ይኖራል። ይህን ዘዴ በ1975 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁት ኮለርና ሚልስታይን በ1984 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ካገኙት መካከል ናቸው።

ከዚያም ከታመመው ዓሣ ጉበት የተወሰደ ናሙና ላይ፣ ቀለም የሚያወጣ ነገር የተያያዘበት አንቲቦዲ ተጨምሮ ይታጠባል። ቫይረሱ ካለ አንቲቦዲው ይዞት ይቀርና ቀለም ይታያል፤ ከሌለ ታጥቦ ይሄዳል።

ዳሩ ግን ምስክርም ይመረመራል። አንቲቦዲው በሐሰት እንዳይመሰክር አስቀድሞ በጤነኛ ዓሣና በሌላ በሽታ በተያዘ ዓሣ ይፈተናል። ቫይረሱ ጥቂት ሲሆንም ሊያመልጠው ስለሚችል ቀለም አለመታየቱ ብቻውን ነጻ አያወጣም፤ በሌላ ዘዴ ይደገማል።

የዓሣ ጫጩት ከአንዱ ውኃ ወደ ሌላው ሲወሰድ ጀርሙም አብሮ ሊጓዝ ይችላል። ስለዚህ ምርመራው ከጉዞው መቅደም አለበት፤ ዓሣው ከሞተ በኋላ መመርመር ምክንያቱን ይነግረናል እንጂ ሐይቁን አያድነውም። የሳይንስ ተማሪዎች ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ምስክሩን ያዘጋጁ፤ እኛ የቋንቋ ተማሪዎች ደግሞ ቃሉን በአማርኛም በጋሞኛም ለአስጋሪው እናድርስ።