ያረጀ የጀልባ ሞተር በጣና ላይ ለምን ይቆማል?

ከጎንደር ተነሥቶ ጎርጎራ የደረሰ ሰው በጣና ሐይቅ ላይ ሁለት ዓይነት ጀልባዎችን ያያል። አንደኛው ከደንገል የሚሠራው ታንኳ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከኋላው ሞተር የታሰረለት ጀልባ ነው። የታንኳው ቀዛፊ የሚተማመነው በክንዱ ነው፤ የሞተር ጀልባ ተሳፋሪ ግን ሕይወቱን ለሞተሩ አደራ ሰጥቷል። ስለዚህ ለዓመታት በመጋዘን የኖረ ሞተር ገመዱ ሲሳብ ስለ ተነሣ ብቻ ተጠግኗል አይባልም። ነፋስ በተነሣ ጊዜ በሐይቁ መካከል የሚቆም ሞተር፣ ጨርሶ ካልተነሣው የከፋ ነው።

ኦሌ ኤቪንሩድ የተባለው የኖርዌይ ተወላጅ አሜሪካዊ የዚህ ዓይነቱን ሞተር እ.ኤ.አ. በ1909 ለገበያ አቅርቧል። ከቀድሞዎቹ ሞተሮች ብዙዎቹ ባለ ሁለት ምት ናቸው። እንዲህ ያለው ሞተር እንዲሠራ አራት ነገሮች ያስፈልጉታል፤ እነዚህም በቂ የአየር እመቃ፣ በጊዜው የሚፈጠር የኤሌክትሪክ ብልጭታ፣ ተመጣጣኝ የነዳጅና የአየር ድብልቅ እንዲሁም ማቀዝቀዣ ውሃ ናቸው። ፍተሻውም በዚሁ ቅደም ተከተል መካሄድ ይኖርበታል።

የፒስተን ቀለበቶች ካለቁ እመቃው ይደክማል፤ ይህ ሳይታወቅ ካርቡሬተር ማጽዳት ከንቱ ድካም ነው። ቀጥሎ ካንዴላው ይመረመራል። ሲቀዘቅዝ ተነሥቶ ሲሞቅ የሚቆም ሞተር ካጋጠመ፣ የማቀጣጠያው ጥቅል ሽቦ መሸፈኛ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። ቆይቶ የነበረ ቤንዚን ደግሞ ሲተን ሙጫ መሰል ዝቃጭ ትቶ የካርቡሬተሩን ጠባብ ቀዳዳዎች ይደፍናል።

እዚህ ላይ የአካባቢያችን ከፍታ ይታሰብ። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በአምስት እጅ አንድ እጅ ያህል ያንሳል። ለባሕር ወለል የተስተካከለ ካርቡሬተር በዚህ ቦታ ለአየሩ መጠን የበዛ ነዳጅ ይሰጣል፤ ካንዴላውም በጥላሸት ይጠቁራል። መፍትሔው ነዳጅ ማሳለፊያውን በመጠኑ ማጥበብ ነው። ነገር ግን በባለ ሁለት ምት ሞተር ማለስለሻው ዘይት የሚገባው ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ ነው፤ ነዳጁ ከልክ በላይ ሲቀነስ ዘይቱም ይቀንሳል፣ ፒስተኑም ግሎ ይነክሳል። የድብልቁ ልክ እንደ ሞተሩ ይለያያል፤ 50 ለ1 ከሆነ ለ10 ሊትር ቤንዚን 200 ሚሊ ሊትር፣ 25 ለ1 ከሆነ 400 ሚሊ ሊትር ዘይት ያስፈልጋል።

የውሃ ፓምፑ የጎማ ክንፍ በዕድሜ ብዛት ይደርቃል፤ ስለዚህ በአዲስ መተካት አለበት። ሞተሩም ለጥቂት ሰከንድ እንኳ ከውሃ ውጭ መነሣት የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2011 በሐይቁ መታየቱ የታወቀው እምቦጭም ሌላ ሥጋት አምጥቷል፤ ሥሩ በፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠማል፣ የውሃ መግቢያውንም ይደፍናል። ስለሆነም ከሞተሩ የሚወጣው የማቀዝቀዣ ውሃ ሲቀጥን ወዲያው ማጥፋትና መግቢያውን ማጽዳት ያስፈልጋል።

በመጨረሻም ሞተሩ ውሃ በተሞላ በርሜል ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ይሠራ፤ እንደ ጋለ ጠፍቶ ደጋግሞ ይነሣ። ከዚያ በኋላ በዳርቻው አቅራቢያ ይሞከር። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጦ ውጤቱን መመዝገብ በቤተ ሙከራ የምንማረው ሥርዓት ነው፤ የመካኒክም ሥርዓት ይኸው ነው። ይህ ሁሉ ተሟልቶም ቢሆን፣ መቅዘፊያና የመንሳፈፊያ ሰደርያ ሳይያዝ ከዳርቻ መራቅ አይገባም።