ተንሳፋፊው ማግኔት ክብደቱን አጥቷልን?

ሱፐርኮንዳክተር የሚባሉት ቁሶች እጅግ ሲቀዘቅዙ ኤሌክትሪክን ያለ አንዳች ተቃውሞ ያሳልፋሉ። ይህን በ1911 እ.ኤ.አ. በሜርኩሪ ላይ ያገኘው ሆላንዳዊው ሊቅ ካመርሊንግ ኦነስ ነው፤ ቅዝቃዜውም ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ነበር። በ1933 እ.ኤ.አ. ደግሞ ማይስነርና ኦክሰንፌልድ የተባሉ ጀርመናውያን እነዚህ ቁሶች የማግኔትን መስክ ከውስጣቸው ገፍተው እንደሚያስወጡ አሳዩ። በዚህም ምክንያት ትንሽ ማግኔት በላያቸው ሲደረግ አየር ላይ ይንሳፈፋል።

ይህን በሥዕል ያየ ተማሪ «ታዲያ የመሬት ስበት ጠፋ ማለት ነው?» ብሎ ቢጠይቀን ምን እንመልሳለን? ስበት አልጠፋም። ስበት ማግኔቱን ወደ ታች ይጎትታል፤ ሱፐርኮንዳክተሩ በዚያው መጠን ወደ ላይ ይገፋዋል። በኒውተን ሦስተኛ ሕግ መሠረት ማግኔቱም በበኩሉ ሱፐርኮንዳክተሩን ወደ ታች ይገፋል። ስለሆነም ሁለቱን ባንድነት ብንመዝናቸው ሚዛኑ የሁለቱንም ክብደት ያሳያል እንጂ አንዲት ግራም አይቀንስም።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። በ1992 እ.ኤ.አ. በፊንላንድ አገር በታምፔሬ ከተማ ይሠራ የነበረው ሩሲያዊው ፖድክሌትኖቭ፣ ከሚሽከረከር የሱፐርኮንዳክተር ዲስክ በላይ የተንጠለጠለ ዕቃ ክብደቱ እስከ 0.3 በመቶ ቀነሰ ሲል ጻፈ። ከ1 ኪሎ 3 ግራም መሆኑ ነው። ትንሽ ይመስላል እንጂ እውነት ቢሆን ኖሮ ስለ ስበት የምናስተምረው ሁሉ እንደገና መታየት ነበረበት። ተመራማሪዎች ወሬውን ሰምተው ዝም አላሉም፤ ሙከራውን ለመድገም ተነሱ። ሃታዌይና ባልደረቦቹ በ2003 እ.ኤ.አ. በረቀቀ ሚዛን ሞክረው የስበት ለውጥ እንዳላገኙ አስታወቁ። በእንዲህ ያለ ሙከራ የቀዝቃዛ ጋዝ እንቅስቃሴም ሆነ የማግኔት ኃይል ሚዛንን ሊያሳስት ይችላል።

እኛስ በክፍል ውስጥ ምን ማድረግ እንችላለን? ከተበላሹ የሬዲዮ ድምፅ ማጉያዎች ሁለት የቀለበት ማግኔቶች እናውጣ። እያንዳንዳቸውን፣ ቀጥ ያለ እንጨትና የሚተከልበትን ጭቃ ለየብቻ እንመዝን። ከዚያም ማግኔቶቹን ተመሳሳይ ዋልታዎቻቸውን አፋጠን በእንጨቱ ላይ እንሰካቸው፤ የላይኛው ይንሳፈፋል። ሁሉንም ባንድነት ስንመዝን ድምሩ ያው ሆኖ እናገኘዋለን። የሚዛኑ ብረት ማግኔቱን እንዳይስበው ግን ከሥር ወፍራም ጣውላ ማድረግና የጣውላውን ክብደት መቀነስ ያስፈልጋል።

ተማሪው ሲጠይቅ «አይሆንም!» ብለን ከምናሳፍረው «እስቲ እንመዝነው» እንበለው። ፖድክሌትኖቭ ለጻፈው ነገር የተሰጠው መልስም ይኸው ነበርና።